ዛሬ ተራው የማን ነው?

በሃያ ስድስት ዓመቴ ወደ መንዝ ስወጣ ሦስት ነገር ይዤ ነበር፦ ብርድ የማይችል ገላ፣ የጂኦግራፊ ዲፕሎማ፣ እና አጎቴ «እኔን እምቢ ብሎኛል፣ ካንተ ጋር ምናልባት ይስማማ ይሆናል» ብሎ የሰጠኝ አሮጌ ካሜራ። ገላዬን የመንዝ ውርጭ በሁለት ሳምንት አሠለጠነው። ዲፕሎማውን አሳየኝ ያለ ሰው አልገጠመኝም። ካሜራው ግን ሕዝብ ፊት አቁሞ ላብ አስጠመቀኝ፣ አንድ ምስኪን ሰውም ስሙ በሌብነት ከመጥፋት ለጥቂት ተረፈ። እስከ ዛሬ «ፎቶ አንሺ» የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይግላል።

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መምህር ሲያስነጥስም የሚገመገም፣ ሳያስነጥስም የሚገመገምበት ወቅት ነበር። የተመደብኩባት ቦታ ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ናት። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ ሻይ ቤትና ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም ገበያ ስላላት ሰዎቿ «ከተማችን» ይሏታል። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወሬ ግን ያለ ሽቦ ይደርሳል።

እኔ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ የምመኝ ሰው ነበርኩ። ችግሬ ከሦስተኛው ቀን አልፌ አለማወቄ ነው። ስለዚህ አንድ ብልሃት አገኘሁ፤ በቀን አንድ ፎቶ አነሳለሁ፣ አንድ ብቻ፣ ሳላቋርጥ። ፊልም የሚገኘው ደብረ ብርሃን ስለሆነ ሁለት መተኮስ የማይታሰብ ነው። «ቀኑን ፎቶው ያስታውስልኛል፤ እኔ ለምን እጨነቃለሁ?» አልኩ። ይህችን አባባሌን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ የምታፈላዋ እሷ ናት።

የጥቅምት ማርያም ዕለት ካሜራዋን ፊልም አጎረስኳትና ጀመርኩ። መጀመሪያ ጭጋግ አነሳሁ። ከዚያ የገብስ ክምር፣ ከዚያ የሰው በቅሎ፣ ከዚያ አንድ ቀንዱ የተሰበረ በሬ። እንዲህ እየተዝናናሁ ሳለ በመድኃኔ ዓለም ዕለት አከራዬ እትዬ ሙሉነሽ በሬን ከፈቱት፤ የቤቴን በር ማለቴ ነው።

«የተሰበረ ቀንድ እያነሳህ እኔን ታልፈኛለህ?» አሉ ወገባቸውን ይዘው። «እኔ ከበሬ አንሼ ነው?»

እትዬ ሙሉነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ግቢያቸውን እንደ ጦር ሰፈር የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። አነሳኋቸው። ሳይመሽ መላው ከተማ ሰማ። በማግስቱ ደግሞ ቀበሌ ጠራኝ።

«ለምንድን ነው የምታነሳው?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

«ለራሴ ፍላጎት ነው።»

«የማን ፍላጎት?»

«የራሴ።»

ጸሐፊውን አየው፣ ጸሐፊውም «የራሴ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ግለኝነት ተነገረኝ። በሬን ለብቻ ማንሳት ከሕዝብ መነጠል እንደሆነ፣ ጭጋግ ማንሳት ደግሞ ምን ለመሸፈን እንደታሰበ ተጠየቅሁ። በመጨረሻ ውሳኔ ተላለፈ፤ ፎቶው ሕዝባዊ ተሳትፎ ይኑረው፣ ሁሉም በተራው ይነሳ፣ ሊቀ መንበሩ ግን ሥራ ስለሚበዛበት አሁኑኑ ይነሳ። ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቆመ። አነሳሁት። ተራ ማስያዙን እትዬ ሙሉነሽ ያለ ምንም ድምፅ አሰጣጥ ተረከቡት። አንድም ነገር ሳይጽፉ ሁሉንም በጭንቅላታቸው ያዙት።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር አጣሁ። በየማለዳው ከትምህርት በፊት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ባለ ተራውን እጠብቃለሁ። ከበሩ በስተጀርባ አገሩ እስከ ገደሉ ድረስ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ሁሉም የሚነሳው እዚያ ነው። ሰው የሠርግ ኮቱን፣ የለቅሶ ጋቢውን፣ የጎረቤቱን ጫማ አድርጎ ይመጣል። ባለ ወፍጮው ዱቄቱን አራግፎ ሳይጨርስ ለመነሳት እምቢ ብሎ ደወል አስረፈደኝ። ዓይናቸው የደከመው እማማ ወርቄ በሚካኤል ዕለት ተደግፈው መጥተው «የት ጋ ነው የማየው?» ሲሉኝ «እዚህ» ብዬ ድምፄን አሳየኋቸው። ወደ ድምፄ ዞረው ፈገግ አሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። «እንኳንም ፎቶ ተነሱ» ተባባልን፤ ልጃቸውም መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «መቼ ይታጠባል?» ትለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰልፍ የሚያስከብሩት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ናቸው። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው መጥተው፣ መሬታቸው ለሌላ ተደልድሎ፣ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ካኪ ኮት ብቻ ይዘው የተገኙ ሰው ናቸው። ዘበኝነቱ ባይኖር የሚጠጉበት የላቸውም። ለራሳቸው ተራ ጠይቀው አያውቁም፤ እትዬ ሙሉነሽም አስታውሰዋቸው አያውቁም።

አንድ ገበያ ቀን ማለዳ ባለ ተራው ቀረ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ደወል ሊደወል ነው፣ እኔ ደግሞ ቀን ማቋረጥ አልፈልግም።

«ጋሽ ደምሴ፣ እስቲ እርስዎ ይቁሙልኝ» አልኳቸው።

«እኔ?» ብለው ኮታቸውን በእጃቸው ገጠም አደረጉ። «ትንሽ ጠብቀኝ መምህር፣ ፊቴን ልታጠብ። ቁልፍም ቢጤ ልፈልግ።»

«አያስፈልግም፣ ዝም ብለው ይቁሙ፣ ረፍዷል!»

ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው ሰላምታ ሰጡ። ተጫንኩና ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ወዲያው ረሳሁት።

በኅዳር ዑራኤል ዕለት፣ ሐሙስ ገበያ ነበር፣ የእትዬ ሙሉነሽ ሙክት ጠፋ። ሙክት ስላችሁ ተራ በግ እንዳይመስላችሁ። ለገና በስለት የተቀለበ፣ ከላቱ ብዛት የተነሳ መራመድ የሚከብደው፣ ከእኔ የተሻለ የሚበላ ፍጡር ነበር። ማለዳ ገበያ ወጥተው የትምህርት ቤት ደወል ከተደወለ በኋላ ሲመለሱ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። አንዲት ጎረቤት ከሩቅ አንድ ረዥም ሰው በግ እየነዳ ወደ ገደሉ ሲወርድ አይቻለሁ አለች፤ ፊቱን ግን አላየሁም አለች። አራት አምስት ቀን ተፈልጎም አልተገኘም።

ረዥም ሰው! ከተማው ውስጥ ረዥም ሰው ብዙ ነው። መሬት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ የተበተነ ጦር ወታደር የነበረ ረዥም ሰው ግን አንድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጋሽ ደምሴ ከሁለት ሳምንት በፊት ሙክቱን አይተው «ይኼስ አንድ ሻምበል ጦር ያጠግባል» ብለው ነበር። ያን ጊዜ ሁላችን ስቀናል። አሁን ሁላችን አስታወስነው።

«እኔ በዑራኤል ማለዳ ከበሩ አልተነቃነቅሁም» አሉ ጋሽ ደምሴ። «መምህር ፎቶ ያነሳኝ የዚያን ዕለት ነው።»

«ውሸታም!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «የዑራኤልን ተራ ለማን እንደሰጠሁ እኔ አውቃለሁ። ለሱ አልሰጠሁም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ጋሽ ደምሴን ማንሳቴን አስታውሳለሁ፤ ገበያ ቀን እንደነበረም አስታውሳለሁ። ግን የትኛው ሐሙስ? የዑራኤል? ወይስ ከዚያ በፊት የነበረው፣ የቂርቆስ? ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የባለ ወፍጮውን ዱቄት አስታውሳለሁ፣ የሊቀ መንበሩን ብዕር አስታውሳለሁ፣ የበሬውን ቀንድ እንኳ አስታውሳለሁ። የጋሽ ደምሴን ቀን ግን አልያዝኩም። ለምን ብትሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለእኔ የዚያን ዕለት እሳቸው የቀረ ሰው መሙያ ነበሩ። ተማሪዎቹም ቢጠየቁ አላወቁም፤ በየቀኑ በር ላይ የሚቆምን ሰው ማን ልብ ብሎ ያያል?

ሽማግሌዎች መከሩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ እንዲቀመጥ ተቆረጠ። ለማያውቀው ልንገረው፤ አውጫጭኝ ማለት አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን በመሐላ የሚያወጣበት፣ ሌባው ሳይለይ ማንም ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሸንጎ ነው። የቀረ ሰው ሌባው እሱ ነው ይባላል። ስለዚህ ማንም አይቀርም።

«የመምህሩ ፊልም አለ አይደል?» አሉ ሰብሳቢው መምሬ ኃይሉ፣ ቄሰ ገበዙ። «በተራ ነው የተነሳው። እሑድ ከሸንጎው ፊት ታሽጎ፣ ሁለት ሰው ታጅቦ ደብረ ብርሃን ይወርዳል። ፎቶው ይመሰክራል።»

ጋሽ ደምሴ እፎይ አሉ። «የኔ ምስክር እዚያች ሳጥን ውስጥ ናት» አሉ ካሜራዬን እያዩ።

እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ መከራ መጣ። ካሜራው ከሚነሳው ሰው ጀርባ ያለውን ሁሉ እንደሚያወጣ ወሬው ተዳረሰ። ሰው ሁሉ የኋላ ታሪኩ አስጨነቀው። አንድ ገበሬ መጣና የወሰን ድንጋይ ጥቂት ገፋ አድርጎ እንደነበር፣ አሁን ግን መመለሱን ነገረኝ። አንድ ዲያቆን ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ወተት መቅመሱን ተናዘዘልኝ፤ እኔ ቄስ አይደለሁም ብዬ ብነግረው «ሳጥኗ ግን አይታኛለች» አለ። የእትዬ ሙሉነሽ ወንድም አቶ ተሰማም መጣ። ተሰማ ጋሽ ደምሴን «ይባረር!» እያለ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ሰው ነው።

«መምህር» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «ፊልም ሲታጠብ የቱ ቀድሞ የቱ ተከትሎ እንደተነሳ ይለያል?»

«ቁልጭ ብሎ ነዋ!»

«ጎሽ፣ ጥሩ ነው» አለና ሄደ። ከወተቱና ከድንጋዩ አጠገብ የሱ ጥያቄ ጤነኛ ስለመሰለኝ ልብ አላልኩትም።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልግባ። ፊልሙ የሠላሳ ስድስት ነው። የካሜራዋ ቆጣሪ ግን ሠላሳ ሰባት አለች። «ምርቃት ነው» አልኩ። ሠላሳ ስምንት አለች። «ፋብሪካው ደግ ነው» አልኩ። አርባ ስትል ትንሽ ቅር አለኝ። ቅዳሜ፣ የሸንጎው ዋዜማ፣ አርባ አንድ ስትል ግን የአጎቴ አንድ ምክር ትዝ አለኝ። ፊልም ሲያልፍ ከላይ በግራ በኩል ያለችው ትንሽ መዘውር አብራ መዞር አለባት ብሎኝ ነበር። አየኋት። ማዞሪያዋን ሳብኩ። መዘውሯ ንቅንቅ አላለችም።

በሩን ዘግቼ፣ ብርሃን እንዳይገባ አልጋዬ ላይ ወጥቼ፣ የመንዝን ወፍራም ባና ሁለት እጥፍ አድርጌ ተከናነብኩ። የበግ ጠጉር አፌ ውስጥ እየገባ፣ በጨለማው የካሜራዋን ጀርባ ከፍቼ በጣቴ ዳሰስኩ። ፊልሙ መጀመሪያ እንዳስቀመጥኩት ምላሱን አውጥቶ ተኝቷል። አንዲት ጋት አልተራመደም። አርባ አንድ ቀን ሙሉ ሰው አቁሜ የተጫንኩት ባዶውን ነው።

በዚህ መሃል እትዬ ሙሉነሽ ገቡ። «ምን ሆነህ ነው በጠራራ ፀሐይ ባና ውስጥ የምትንቀጠቀጠው?»

«ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው» አልኩ ከውስጥ።

«በል ነገ እንዳትታመም! ነገ ያ ሌባ የሚጋለጥበት ቀን ነው» ብለው በላዬ ላይ ሦስተኛ ባና ጣሉብኝ።

እዚያ ሥር ሆኜ አሰብኩ። ዝም ብል ምን ይሆናል? ፊልሙ ደብረ ብርሃን ወርዶ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ ጋሽ ደምሴ ምስክር እንደሌላቸው ይቆጠራል፣ ሥራቸውን ይለቃሉ፣ ስማቸው ሌባ ሆኖ ይቀራል። እውነቱን ብናገርም ያው ነው፤ ልዩነቱ እኔም አብሬ መዋረዴ ብቻ ነው። ታምሜያለሁ ብዬ ልቅር? የቀረ ሰው ሌባ ነው። ወደ ሞላሌ በእግሬ ልጥፋ? እሱማ የባሰ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

እሑድ ሜዳው ጢም አለ። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም። መምሬ ኃይሉ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው ብቻቸውን መሃል ቆሙ። ማንም አጠገባቸው አልቆመም።

«መምህር፣ ሳጥኗን አምጣ» አሉ መምሬ ኃይሉ። ማሸጊያ ጨርቅና ሰም ተዘጋጅቷል። አጃቢዎቹ ስንቃቸውን ሳይቀር ይዘዋል።

ተነሳሁ። ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝና በዓይናቸው አይዞህ አሉኝ። እኔን!

«አባቴ» አልኩ፣ «ፊልሙ ባዶ ነው። ሲጀመር በደንብ አላጎረስኩትም። አንድም ሰው አልተነሳም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መጀመሪያ ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ቀጥሎ ሜዳው ፈነዳ።

ሙክቱን የሚያስታውሰው ጠፋ! «የኔስ?» አለ ባለ ወፍጮው። «እኔ ያን ያህል ዱቄት ያራገፍኩት ለባዶ ነው?» ሊቀ መንበሩ ብዕሩን ከጆሮው ነቅሎ «ይህ ሕዝብን ማታለል ነው» አለ። የሰው ጫማ ተውሳ የተነሳችው ባለ ሻይ ቤቷ ትዕግሥት «ቂርቆስን፣ ጾም የገባ ዕለት፣ ገበያዬን ዘግቼ ነው የተነሳሁት! ጫማው እግሬን ልጦኝ!» ብላ አለቀሰች። ከኋላ የእማማ ወርቄ ልጅ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየችኝ። ከስድቡ ሁሉ ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

«ቆይ!» አሉ መምሬ ኃይሉ በድንገት። መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ትዕግሥት፣ ምን አልሽ? መቼ ነው የተነሳሽው?»

«ቂርቆስን አልኩ እኮ አባቴ። ጾም የገባ ዕለት።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ።»

መምሬ ኃይሉ ቀስ ብለው ተነሱ። «እኔ የተነሳሁት በጽዮን ነው፣ ከንግሥ ስመለስ። ባለ ወፍጮ፣ አንተስ?»

«በጊዮርጊስ፣ አባቴ! ይኼ ይረሳል?»

መምሬ ኃይሉ ዙሪያቸውን አዩ። «እንግዲያውስ ሳጥኗ ብትረሳ እኛ አልረሳንም። የተነሳ ሁሉ ይውጣና በየዕለቱ ተራ ይቁም!»

እስከ ዛሬ የዚያን ያህል ያማረ ነገር አላየሁም። አገሬው ተነስቶ ሜዳው ላይ መሰለፍ ጀመረ። «እኔ በኅዳር አቦ!» «እኔ በማግስቱ!» «ወግድ፣ እኔ በሥላሴ ነኝ፣ አንተ በኪሮስ!» ሰው የተነሳበትን ቀን ከልደቱ ቀን አብልጦ ያውቃል። ሊቀ መንበሩ እየተነጫነጨ በአማኑኤል ቦታው ገባ። ከሱ በፊት እትዬ ሙሉነሽ ቆሙ። በቅሎዋና በሬው ሳይቀሩ ተነድተው መጡ፤ በሬው ሳይሟገት ቦታው ላይ ቆመ። ለጭጋጉ አንድ ዘንግ ተተከለ። አንዱ ወደ ዓለም ከተማ ሄዶ ስለነበር እናቱ በቦታው ቆሙ። በሚካኤል ቦታ ላይ የእማማ ወርቄ ልጅ ወጥታ፣ የእናቷን ነጠላ እንደለበሰች፣ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ሰልፉ ከጥቅምት ማርያም ጀምሮ እስከ ትናንት ልደታ ድረስ ተዘረጋ።

በሰልፉ ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ቀረች። ከመምሬ ኃይሉ በኋላ፣ ከባለ ወፍጮው በፊት። ዑራኤል።

ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን መሃል ቀሩ። «ይሂዱ፣ ቦታዎን ይያዙ» አሏቸው መምሬ ኃይሉ። ቀስ ብለው መጥተው ገቡ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቦታዋ ልክ አንድ ሰው የምትይዝ ነበረች።

«አይሆንም!» ብለው እትዬ ሙሉነሽ ከሰልፉ ዘለው ወጡ። «ያ የወንድሜ ቦታ ነው! የዑራኤልን ተራ የሰጠሁት ለተሰማ ነው፤ ተነሳሁ ብሎኛል! ተሰማ፣ ና ቦታህን ያዝ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

ተሰማ አልመጣም። ከሰልፉ ውጪ፣ ከሴቶቹ ጀርባ ቆሟል። ረዥም ስለሆነ ግን ጭንቅላቱ ይታያል።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተገለጠው። «አባቴ፣ እኔ አቶ ተሰማን አንስቼ አላውቅም» አልኩ። «ባለ ተራው ቀርቶብኝ ነው ጋሽ ደምሴን ያቆምኩት።»

የሰልፉ ሰው ሁሉ ዞሮ ተሰማን አየ። እንደምታውቁት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በፎቶ ተራው የቀረ አንድም ሰው የለም። እማማ ወርቄ እንኳ ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው አልቀሩም። ምን ዓይነት ጉዳይ ነው ጤነኛ ሰውን ከፎቶ ተራው የሚያስቀር?

«ተሰማ» አሉ መምሬ ኃይሉ መስቀሉን ወደሱ ዘርግተው፣ «በዑራኤል ማለዳ የት ነበርክ?»

ተሰማ እህቱን አየ። «አልታረደም» አለ። «ቆላ ወዳጄ ዘንድ ነው። አልሸጥኩትም። እመልሰዋለሁ።»

እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሽማግሌዎቹ የካሣውንና የእርቁን ነገር ለብቻቸው ተነጋገሩ፤ እሱን ለነሱ ልተወው። ሕዝቡም ቤቱ መሄድ ሲችል አልሄደም፤ እንደተሰለፈ ቀረ።

እኔም አፍሬ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ቀንዎን መያዝ ነበረብኝ።»

«ባዶ ነበር አልክ አይደል?» አሉኝ። «የኔም፣ የሁሉም?»

«የሁሉም።»

«ዛሬስ አንስተሃል?»

«ገና ነኝ።»

«ተራው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

ባና አስመጥቼ እዚያው ሕዝብ መሃል ተከናነብኩና ፊልሙን እንደገና አጎረስኩ። ስወጣ አርባ ሰው አንገቱን አስግጎ መዘውሯን ይመለከት ነበር። ማዞሪያዋን ሳብኩ። መዘውሯ ዞረች። «ዞረች!» አለ ሜዳው በአንድ ድምፅ፤ ትዕግሥትማ እልል አለች።

ጋሽ ደምሴ ግን ሊነሱ አልቆሙም። «ቁልፌ ጎድሏል» አሉ ረጋ ብለው፣ ኮታቸውን እያሳዩኝ። «በፊት ቸኩለህ ነው እንጂ እንዲህ ሆኜ አልነሳም።»

እኔ ምን ልበል? ጠበቅሁ። ሊቀ መንበሩም ጠበቀ፣ መምሬ ኃይሉም ጠበቁ፣ በሬውም ጠበቀ። እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከራሳቸው ሹራብ ላይ ሁለት ቁልፍ በጥርሳቸው በጠሱና ከመቀነታቸው መርፌና ክር አወጡ። ጋሽ ደምሴ ፊት ቆመው፣ ቀና ብለው ሳያዩዋቸው፣ አንዱን ሰፉ፣ ሁለተኛውን ሰፉ። ረዥም ጊዜ ፈጀ። ማንም አላስቸኮላቸውም። ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና ኮቱን እስከ አንገታቸው ቆልፈውላቸው ዞር አሉ።

«አሁን አንሳኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ።